ክብ የበር እጀታ ወይስ ረጅሙ?

የበር እጀታን ማን ልብ ይለዋል? ሁለት እጅህ ዕቃ ይዞ ክቡ እጀታ ፊት ስትገተር ግን ልብ ትለዋለህ። ክቡ ጨብጠህ ካልጠመዘዝከው ወይ ፍንክች! እጅህን ሳሙና ከነካውማ ያሟልጫል። የጣት መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ደግሞ ስቃይ ነው።

ረጅሙን በክርንህም ቢሆን ጫን ስታደርገው ይከፈታል። ምስጢሩ ርዝመቱ ነው፤ ከመዞሪያው ርቀህ ስትጫነው ትንሽ ጉልበት ይበቃል። የካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው የሕንፃ ደንብ ለአዳዲስ ግንባታዎች ረጅሙን መርጣለች።

ክቡም ውለታ አለው። የቦርሳ ማንገቻ አይዝም፣ ለትንንሽ ልጆችም ቶሎ አይከፈትም። (ረጅሙን ዘላ የምትከፍት ድመት በዓይኔ አይቻለሁ።) እኔ ረጅሙን እመርጣለሁ፤ መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ግን ክቡ ይሁንልኝ።