የፖሊስ መዝገብ፦ የጋራ ክላውድ ወይስ በየጣቢያው ሰርቨር?

ሞተሬ የተሰረቀ ጊዜ ያመለከትኩት ደጋ ላይ ነው፣ ታየ የተባለው ግን ጣርማበርን ወርዶ ቆላ፣ መርማሪው ስልክ ይዞ የሻንሲ ቁጥሩን ለባልደረባው ሶስቴ ሲደግም ቁጭ ብዬ ሰማሁት፣ በሶስተኛውም አንዷን ቁጥር አሳሳታት 😅

የጋራ ክላውድ፣ ማለትም ሁሉም ጣቢያ በኢንተርኔት የሚገባበት አንድ ማከማቻ ቢሆን፣ ደብረ ብርሃን የገባ መዝገብ ሸዋ ሮቢት ወዲያው ይታያል፣ ተጠርጣሪው ሌላ ወረዳ ፋይል ካለውም ይወጣል። በየጣቢያው ሰርቨር፣ ማለትም መዝገቡ እዛው ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ኢንተርኔት ቢጠፋም ስራ አይቆምም፣ ይሄ መንዝ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ያ ሰርቨር ቢቃጠል ወይ ቢሰረቅ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) ከሌለው ዶሴው አብሮ ሄደ ማለት ነው፣ ደግሞ በየጣቢያው አይቲ ከየት ይመጣል?

ክላውዱ ላይ እኔን የሚያስፈራኝ ማን አየው የሚለው ነው። አሜሪካ ፖሊሶች ክላውድ ሲጠቀሙ የኤፍቢአይን ሲጂስ የሚባል የደህንነት ደንብ ማሟላት አለባቸው፣ ዳታው ኢንክሪፕት ይሆናል (ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳያነበው ይቆለፋል)፣ ማን መቼ እንደገባም ይመዘገባል። እኛም ጋ በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የፖሊሱ ፓስወርድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ከተለጠፈ ግን ክላውዱም ሰርቨሩም ያው ናቸው በቃ።

ምረጥ ብትሉኝ ክላውዱን፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ኦፍላይን መዝግቦ ሲመለስ ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም የተመዘገበውን ራሱ ወደ ክላውዱ የሚልክ ከሆነ ብቻ።