ቨርቹዋልቦክስ ለፒችትሪ ሰዎች፦ መጀመሪያ ኤሊዋን እዩ

ደንበኞቼ አብዛኞቹ አሁንም ፒችትሪ 2010 የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ናቸው። የዓመታት ዳታ እዚያ ተከማችቷል፤ ቀይሩ ብላቸው ማን ይሰማኛል? የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ነው። ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 7 ጭኜ ፒችትሪን እዚያ ውስጥ እሠራበታለሁ። ሐምሌን የምወጣው በእሱ ነው።

ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ሞክረውት «ኧረ ይሄ ነገር ይንቀራፈፋል» ብለው ትተውታል። አልፈርድባቸውም። እንደተጫነ ከተተወ ያናድዳል። ጀነራል ሌጀሩን ወደ ታች ስትሉት መስመሮቹ እየተቆራረጡ ይመጣሉ። መስኮት ስትጎትቱ ማውሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ መስኮቱ ቆይቶ ይከተላል። ስክሪኑም ጠቦ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ግን አብዛኛው ይስተካከላል።

እኔ መጀመሪያ የማየው የቨርቹዋል ማሽኑን መስኮት የታችኛውን ቀኝ ጥግ ነው። እዚያ ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች መካከል አረንጓዴ ኤሊ ካለች፣ ነገሩ እዚያ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አላገኘውም ማለት ነው፤ በሃይፐር-ቪ (ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የማይክሮሶፍት የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) በኩል ዞሮ ነው የሚሠራው። «እኔ ሃይፐር-ቪ የሚባል ነገር አልነካሁም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው መከላከያ ብዙ ጊዜ በርቶ ይመጣል፤ ከጀርባ የሚያስነሳው እሱ ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ገብታችሁ አጥፉት። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥም ሃይፐር-ቪ እና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም ላይ ራይት ካለ አንሱት። ከዚያ ሪስታርት። ኤሊዋ ከሄደች ለውጡን ለማየት ሰዓት መያዝ አያስፈልግም።

ዋጋ ግን አለው። የኮምፒውተራችሁን አንድ አጥር ነው የምታነሱት። በዚያው ላፕቶፕ ዶከር የሚጠቀም ፕሮግራመር ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሥራው ሊቆምበት ይችላል።

ቀጥሎ ጌስት አዲሽንስ፤ ማሽኑ ውስጥ የሚጫኑ የቨርቹዋልቦክስ ድራይቨሮች ናቸው። ይህ ካልተጫነ ዊንዶውስ 7 የሚሠራው በተራ የቪጂኤ ድራይቨር ነው። ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ሲዲውን ታስገባላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ ማሽኑን ታስነሳላችሁ። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ስታሰፉት ስክሪኑም አብሮ ይሰፋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ደግሞ ዲስፕሌይ የሚለው ሴቲንግ ውስጥ የቪዲዮ ሜሞሪውን እስከ 128 ሜጋባይት ጎትቱት። ግራፊክስ ኮንትሮለሩ ለዊንዶውስ ቪቦክስ-ኤስቪጂኤ ይሁን። ስሪዲ አክስለሬሽንን እኔ አላበራውም። ፒችትሪ የኢንቮይስ ፎርም እንጂ ጌም አይደለም። የዊንዶውስ 7ን የመስታወት ጌጥ አጥፍቼ ወደ ክላሲክ ስመልሰው የባሰ ቀለለኝ። ፕሮሰሰር ስትሰጡትም ሴቲንጉ ላይ ካለው አረንጓዴ መስመር አትለፉ፤ ሁሉንም ኮር ብትሰጡት ላፕቶፑም ማሽኑም አብረው ይታነቃሉ።

ለእኔ ትልቁ ነገሩ ግን ስናፕሾት ነው፤ ማሽኑን ባለበት ሁኔታ አስቀምጦ በኋላ ወደዚያው መመለስ ማለት ነው። ፒችትሪ ላይ የበጀት ዓመት ከተዘጋ ያለ ባካፕ መመለሻ የለም። ሰኔ 30ን ልዘጋ ስል መጀመሪያ ስናፕሾት እወስዳለሁ። ደንበኛው በማግስቱ «አንድ የግንቦት ደረሰኝ ረስቼ» ብሎ ቢመጣ ፊቴ አይጠቁርም።

የቨርቹዋልቦክስ ዋናው ፕሮግራም ለቢሮም ነፃ ነው። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ግን ሌላ ፈቃድ አለው፤ ነፃ የሚሆነው ለግል፣ ለትምህርትና ለሙከራ ነው። ከ7.0 ጀምሮ ፈጣኑ ዩኤስቢ ዋናው ውስጥ ስለገባ ለፍላሽ ብላችሁ አታውርዱት። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ ስለዚህ የማሽኑን ኔትወርክ ዝጉት። የፒችትሪ ባካፕ ፋይሎችን እኔ በሼርድ ፎልደር ነው የማወጣው፤ ለዚያ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አውቶካድ ወይም ሌላ ከባድ የስሪዲ ሥራ ላለው ሰው ይህን አልመክርም። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ የሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም በስሪዲ ይሻላል፤ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድርጅትም ነፃ ሆኗል። ለማውረድ ግን ባለቤቱ ብሮድኮም ድረ ገጽ ላይ አካውንት መክፈት አለባችሁ።