«ባክ ቱ ሞኖ»፦ ስሟ ያልተጻፈላት ዘፋኝ የምትሰማበት ስብስብ

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ይህ ባለ 4 ሲዲ ስብስብ ፕሮዲዩሰር ፊል ስፔክተር ከ1958 እስከ 1969 የሠራቸውን ዘፈኖች ይዟል። መጀመሪያ «ሂ ኢዝ ኤ ሬብል»ን ክፈቱ። በ1962 ሸክላው ላይ የተጻፈው «ክሪስታልስ» የተባለው የሴቶች ቡድን ስም ነው፤ የሚዘፍኑት ግን እነሱ አይደሉም። ስፔክተር ይህን የጂን ፒትኒን ድርሰት ሌላ ኩባንያ ሳይቀድመው ለማውጣት ቸኩሎ ነበር። ክሪስታልሶች ኒውዮርክ፣ ስፔክተር የሚቀዳበት ጎልድ ስታር ስቱዲዮ ደግሞ ሎስ አንጀለስ! ስለዚህ ዘፋኟ ዳርሊን ላቭና ቡድኗ ብሎሰምስ ዘፈኑት፤ ቢልቦርድ ላይም 1ኛ ወጣ። ክሪስታልሶች ያልዘፈኑትን አጥንተው መድረክ ላይ ሊጫወቱት ግድ ሆነባቸው።

ልዩነቱን በጆሮ ለመለየት ወዲያው «ዳ ዱ ሮን ሮን»ን አስከትሉ። እዚያ ዘፈኑን የምትመራው የክሪስታልስ አባል ላላ ብሩክስ ናት፤ ድምፅዋ ቀጠን ያለ፣ የልጅነት ለዛ ያለው ነው። የላቭ ግን ወፈር ያለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ ጉልበት አለው።

ቅጂው ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ) ስለሆነ በኢርፎን ሁሉም ድምፅ መሃል ላይ ይከማቻል፤ ብልሽት አይደለም። ብዙ ፒያኖና ጊታር አንድ ላይ ስለሚመቱ ቤዝ ከጨመራችሁ ግን ዘፋኟ ትታፈናለች፤ ኢኳላይዘሩን አትንኩት። 4ኛው ሲዲ የ1963ቱ የገና አልበም ነው። እዚያ ላቭ በገዛ ስሟ ትዘፍናለች፤ ለእሱ ብቻ ቢገዛም አያስቆጭም።