አኩ-ቼክ አክቲቭ፦ ስኳር ሲወርድ ምን ያህል ይታመናል?

ይህን የስኳር መለኪያ እዚህ የምንመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስኳር ሲወርድ በጊዜ ይናገራል ወይ? የወረደ ስኳር ፋታ አይሰጥምና።

ፍጥነቱ ጥሩ ነው። ስትሪፑ (ደም የሚነካው ቀጭን ቁራጭ) መሣሪያው ውስጥ እያለ ደም ከነካ በ5 ሰከንድ ቁጥሩ ይመጣል፤ የሚፈልገውም ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሊትር ደም ነው። በተለይ የምንወድለት ስትሪፑን አውጥቶ ደም አስነክቶ መመለስ መቻሉን ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ላይ ሌላ ሰው ሲለካ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከስትሪፑ ጀርባ ያለችው ክብ መስኮት ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ካልሆነች ደሙ አንሷል፤ ቁጥሩን አትመኑት፣ በአዲስ ስትሪፕ ድገሙ።

ድክመቱ የሁሉም የቤት መለኪያ ድክመት ነው። አይሶ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ የስኳር መለኪያዎች ደረጃ (እ.ኤ.አ. የ2013ቱ) ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ላለ ስኳር የ15 ሚሊ ግራም ልዩነትን ይፈቅዳል። ስለዚህ መሣሪያው 75 ሲል እውነቱ 60 ሊሆን ይችላል። ሰውየው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ ከንፈሩ ከደነዘዘ ወይም ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ቁጥሩን ትታችሁ ሰውነቱን ስሙ። ፕሮፕራኖሎል የመሰለ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ መንቀጥቀጡ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡ ግን ይቀራል።

ከ70 በታች ከሆነ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ “ዜሮ” ያልሆነውን። ቸኮሌት ስቡ ስለሚያዘገየው አይመረጥም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያው ይደገማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስኳር የነካ ጣት ሳይታጠብ ሲወጋ 60 የነበረው 150 ሆኖ ይታያል። እጅ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላ፤ ያለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ከውጭ ዘመድ የላከው መሣሪያ ከሆነ ቁጥሩን በምን አሃድ እንደሚያሳይ እዩ። በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ 70 የሚባለው እዚያ 3.9 ነው፤ የሚሊሞሉን ቁጥር ወደ ሚሊ ግራም ለመመለስ በ18 ማባዛት ይበቃል። ቅንብሩን ራሳችሁ መለወጥ አትችሉም። ስትሪፑም የዚያው ሞዴል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የስትሪፑን መገኘትና ዋጋ ጎንደር ባሉ ፋርማሲዎች ጠይቁ።

ለከተራ ደግሞ ኪስ ውስጥ መግባት ይገባዋል። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ጾም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች (መካከለኛ ቆይታ ያለው) ኢንሱሊን በአብዛኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ይበረታል፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱትም ከሰዓት ነው። ባዶ ሆድ፣ ረጅም መንገድና የበረታ ኢንሱሊን አንድ ላይ ይገጥማሉ። የመጾም ነገርና የመርፌው መጠን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ይነጋገሩበት፤ ኪስ ውስጥም ስኳር ይኑር።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ከሆነ ቢነቃም ይሂድ፤ የዚያ ክኒን ጉልበት ረጅም ስለሆነ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል።