ዛላ የማያወጣ ስንዴ እንዳትገዙ፦ ለቆጋና ለጣና ዳር የመስኖ አምራቾች

ወገኖች፣ የኅዳር መዝሪያ ሲደርስ «የአውሮፓ ዘር ነው፣ በሄክታር 80 ኩንታል ይሰጣል» ተብሎ ታግ (ጆንያው ላይ የሚታሰር የዘሩ መግለጫ ወረቀት) የሌለው የስንዴ ዘር ከቀረበላችሁ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ዝርያው ዛላ ለማውጣት ቅዝቃዜ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

80 ኩንታሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝና በጀርመን ዊንተር ስንዴ የሚባለው ይህን ያህል ይሰጣል። ግን እዚያ በጥቅምት አካባቢ ተዘርቶ፣ ብርዱን ከርሞ፣ በነሐሴ አካባቢ ይታጨዳል፤ 10 ወር ገደማ ማሳ ላይ ነው። በሰኔ ቀኑ 16 ሰዓት ይደርሳል፣ ፍሬው የሚሞላውም በቀዝቃዛ አየር ነው። ባሕር ዳር ላይ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ትልቁ ጣጣ ግን ጂኑ ላይ ነው። የዚህ ስንዴ ቡቃያ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ካልቆየ ዛላ አያወጣም፤ ባለሙያዎች ቬርናላይዜሽን የሚሉት ይህንን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ከ25 ዲግሪ ያልፋል፤ የሌሊቱ ብርድ ብቻውን አይበቃም። ስንዴው ይበቅላል፣ ይለመልማል፣ ከዚያ እንደ ሳር መሬት ላይ ተዘርፍጦ ይቀራል። ዩሪያ ብትጨምሩ የሚበዛው ቅጠሉ ነው።

ሰው የሚታለለው ዘሩ የብቅለት ሙከራ ስለሚያልፍ ነው። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በ8ኛው ቀን ብትቆጥሩ 95 ቢበቅል አይግረማችሁ። ሙከራው ዘሩ ሕያው መሆኑን እንጂ ዛላ ማውጣቱን አይናገርም። (ከ85 በታች ከበቀለ ግን ዝርያው ምንም ቢሆን ተዉት።)

ዘርታችሁት ከሆነ በ45ኛው ቀን ገደማ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ተክል ነቅላችሁ ዋናውን ግንድ ከሥሩ ጀምሮ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቁት። እንደ ካካባና ዳንደአ ያሉት የአገራችን የስንዴ ዝርያዎች ብርድ ስለማይጠብቁ በዚያ ዕድሜ አንጓ ይዘው፣ ከአንጓው በላይ ነጣ ያለች ትንሽ ዛላ ትታያለች። የእናንተው ቅጠል በቅጠል ብቻ ከሆነ ውሃ አታባክኑበት፤ ለከብት አጭዳችሁ ማሳውን ለሌላ ሰብል አዙሩት። ስንዴ መልሶ መዝራት አያዋጣም። በጥር የተዘራ ፍሬውን የሚሞላው በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ስለሆነ ይጨማተራል፣ ክብደቱም ዱቄቱም ይቀንሳል።

ታጉ ላይ የዝርያው ስም፣ የዘር ደረጃው፣ የምርት ዘመኑና የብቅለት መጠኑ መኖር አለበት። የዝርያው ስም ካልታወቀ ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ መቋቋሙም አይታወቅም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ እንዴት እንዳጠፋው የሚያስታውስ ብዙ ነው። በመስመር ለመዝራት በሄክታር ከ125 እስከ 150 ኪሎ ስለሚገባ፣ ኪሳራው የዘሩ ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያውም፣ የውሃ ተራውም፣ የወቅቱም ነው።

ጆንያውን፣ ደረሰኙንና ግማሽ ኪሎ ዘር ሳትነኩ አስቀምጡና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳዩ። መድኃኒት የተቀባ ባለቀለም ዘር ከተረፈ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን እንዳይፈጭ፣ ለዶሮም እንዳይሰጥ።