ሲዲ በርን ለማድረግ ብላችሁ «ሙሉ ፓኬጅ» አታስጭኑ

ይሄ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚሉት ነገር አሁንም አልጠፋም። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሱቅ ትሄዳላችሁ። የምትፈልጉት ሲዲ ወይም ዲቪዲ በርን የሚያደርግ፣ ማለትም ፋይል ዲስክ ላይ የሚጽፍ፣ ፕሮግራም ብቻ ነው። ስትመለሱ በርነር፣ አንቲቫይረስ፣ የማታውቁት ብሮውዘር፣ «ኮምፒውተር አፍጣኝ» ምናምን ተጭኖላችሁ ታገኛላችሁ። ሂሳቡም ለሁሉም ተደምሮ ነው የሚጠየቀው። ከዚያ ውስጥ ለአንዱም መክፈል አልነበረባችሁም።

በሰፈራችን አንዲት እናት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ተሰጣቸው። ክፍለ ሀገር ያሉት እህታቸው ቤት ያለው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ስለሆነ በዲስክ ሊልኩላቸው ፈለጉ። ላፕቶፑ ዲቪዲ ማስገቢያ አለው፤ ባዶ ዲስክም ገዝተዋል። የሱቁ ልጅ «እማማ፣ ይሄ በርን የሚያደርግ ሶፍትዌር የለውም። ደግሞ ቫይረስ በልቶታል፤ ካልተጫነበት ይሞትብዎታል» አላቸው። እሳቸውም ከፈሉ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ዲስኩ እህትየው ቤት ሲደርስ ማጫወቻው አላነበበውም። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ጎግል ቀርቶ የማይታወቅ መፈለጊያ ገጽ ይመጣል፤ በስክሪኑ ጥግም «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» የሚል ማስፈራሪያ ይወጣል።

ከፍቼ አየሁት። በርነሩ ክራክ ነው፤ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ። አንቲቫይረሱም ክራክ ነው። የዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ ደግሞ ተዘግቷል። ሴትዮዋ ደህንነት ገዛሁ ብለው የነበራቸውን አጥተው ነው የተመለሱት።

ከበርነሩ ልጀምር። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ራሱ ሲዲ ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ዲቪዲ ጨመረበት። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ የአይኤስኦ ፋይልም (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የያዘ ፋይል) በቀኝ ክሊክ ብቻ በርን ይደረጋል። ማክ ያላችሁም ብትሆኑ ፋይንደር የሚባለው የማኩ የራሱ ፋይል መክፈቻ ይሠራዋል፤ ዲስክ ማስገቢያውን በዩኤስቢ ማገናኘት ነው። ዊንዶውስ ላይ ባዶ ዲስክ ስታስገቡ አንድ መስኮት ይመጣና ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። አንደኛው ዲስኩን እንደ ፍላሽ ለመጠቀም ነው፤ ሁለተኛው በሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ ለማጫወት። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ፤ የመጀመሪያው በብዙ ማጫወቻዎች ላይ አይነበብም። ፋይሎቹን ወደ ዲስኩ ኮፒ አድርጉ፣ በርን የሚለውን ተጫኑ፣ አለቀ። «ሶፍትዌር የለውም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

መዝሙር ወይም ዘፈን ለመኪና ቴፕ የምታዘጋጁ ሰዎች ትንሽ ጠንቀቅ በሉ። ቴፑ ላይ ኤምፒስሪ የሚል ጽሑፍ ካለ የኤምፒስሪ ፋይሎቹን እንዳሉ ሲዲው ላይ መጻፍ ይበቃል፤ ከመቶ በላይ ዘፈን ይይዛል። ጽሑፉ ከሌለ ኦዲዮ ሲዲ ነው የሚያስፈልጋችሁ። እሱንም ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር በነጻ ይሠራል፤ በርን የሚለው ክፍል ገብታችሁ ኦዲዮ ሲዲ የሚለውን መምረጥ ነው። የሚይዘው ግን 80 ደቂቃ ብቻ ነው። መዝሙሮቹ ስምንት ስምንት ደቂቃ ከሆኑ አስር ያህል ናቸው የሚገቡት። «ሶፍትዌሩ ደካማ ስለሆነ ነው፣ ፕሮውን እንጫንልህ» ካሏችሁ ውሸት ነው፤ ልኩ የዲስኩ ነው። በነገራችን ላይ ዲቪዲው ካርቶን ላይ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ ዊንዶውስ 4.38 ገደማ ቢያሳያችሁ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ። ሁለቱ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ዊንዶውስ የማይሠራው አንድ ነገር አለ፤ የሠርጉም ዲስክ የተበላሸው በዚሁ ነው። አሮጌ የቤት ዲቪዲ ማጫወቻ ዲስኩ ላይ የተጣለ ኤምፒፎር ፋይል አያነብም። ቪዲዮው ወደ ዲቪዲ ቪዲዮ ተቀይሮ በራሱ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቪስታና ዊንዶውስ 7 ላይ ለዚህ የሚሆን ዲቪዲ ሜከር ነበረ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ማይክሮሶፍት አስቀረው። ዲቪዲስታይለር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሠራዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ሲቀየር በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ሱቁ በእውነት ድካም ያለበት ሥራ ቢኖረው ይሄ ነበር፤ እሱን ትቶ ኤምፒፎሩን እንዳለ ዲስኩ ላይ ጣለው። ስለዚህ ዲቪዲ አሠርታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በዲቪዲ ማጫወቻ ያሳዩአችሁ። ኮምፒውተር ሁሉንም ስለሚያነብ ማስረጃ አይሆንም።

ሱቁን ትታችሁ ራሳችሁ ከኢንተርኔት ላውርድ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኢምግበርን የሚባለው በርነር ለረጅም ጊዜ ሰው የሚያመሰግነው ነጻ ፕሮግራም ነው። የመጨረሻው ቅጂ፣ 2.5.8.0፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ፕሮግራሙ ራሱ ደህና ነው፤ መጫኛው ግን ኦፕንካንዲ የሚባል ማስታወቂያ አምጪ ይዞ ይመጣ ነበር። ሲዲበርነር ኤክስፒም እንደዚሁ፤ እነሱ ግን ያንን ያልያዘ መጫኛም ለብቻው ያቀርቡ ነበር። ሰው «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት» እያለ ሲያልፍ ብሮውዘሩ ላይ ቱልባር ይተከላል፣ የመጀመሪያ ገጹ ይቀየራል። ካስተም የሚለውን መርጣችሁ ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ አንሱ። ማውረጃ ገጾች ላይ ያለው ትልቁ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። እውነተኛው ትንሽ ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ይሄ ሁሉ ግን ከክራኩ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው። ሰው ለምን ክራክ እንደሚጠቀም ይገባኛል። የውጭ ካርድ የለንም፣ ዋጋውም በዶላር ነው። ለበርነር ግን ክራክ ማስጫን ምንም ምክንያት የለውም፤ ነጻው በእጃችሁ ነው። ክራክና አክቲቬተር (ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ እንደተከፈለበት የሚያስመስል ፕሮግራም) ሲጫን መመሪያው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሌባ «ከመግባቴ በፊት ውሻውን እሰሩልኝ» ሲል እሺ እንደ ማለት ነው። በ2021 የደህንነት ተመራማሪዎች ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው የዊንዶውስ አክቲቬተር ስም ክሪፕትቦት የሚባል የመረጃ ሌባ ሲሰራጭ አግኝተዋል። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስም ዋና መግቢያው ክራክ ነው። ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቅ ሂሳቡን ሁሉ ይቆልፍና ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል።

የመረጃ ሌባው ደግሞ ምንም አይቆልፍም፣ ምንም አያሳይም፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ብሮውዘራችሁ ውስጥ «ሴቭ» ያላችሁትን ፓስወርድ ሁሉ ሰብስቦ ይልካል። ኩኪዎቹንም፣ ማለትም አንዴ የገባችሁበት ገጽ እናንተን የሚያውቅባቸውን ትንንሽ ፋይሎች፣ ይወስዳል። ኩኪው እጁ ከገባ ፓስወርድ ሳያስፈልገው፣ በስልክ የሚመጣውንም ኮድ ሳይጠየቅ በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ከተጫነ የእሱንም ፎልደር የሚገለብጡ አሉ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ቸግሮኝ ነው፣ ትንሽ ብር ላክልኝ» የሚለው መልእክት በስማችሁ ለዘመድ ሁሉ ይደርሳል። ለአንድ ዲቪዲ ብላችሁ ይሄን ታመጣላችሁ።

በስክሪን ጥግ የሚወጣው ማስፈራሪያ ግን ብዙ ጊዜ ቫይረስም አይደለም። የሆነ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ብሎ ጠይቆ አንድ ሰው «አላው» ብሎታል፤ አለቀ። የታዋቂ አንቲቫይረስ አርማ ለጥፎ «ጊዜው አልፎበታል፣ አሁኑኑ ያድሱ» ይላል። ክሮም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ገብታችሁ የማታውቁትን ገጽ ሁሉ አጥፉ። ኤክስቴንሽን የሚባሉትን የብሮውዘር ተጨማሪዎችም እያችሁ ያልጫናችሁትን አውጡ። ይሄንን ለማድረግ ገንዘብ የሚቀበል ሱቅ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ሥራው ግን ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ «ይሄ የአዲስ አበባ ችግር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ኦፊስ ዲፖ የሚባለው ትልቅ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ደንበኞችን «ነጻ ምርመራ» ያደርግላቸው ነበር። ፕሮግራሙ «ኮምፒውተርዎ ቀርፋፋ ነው? ማስታወቂያ ይበዛበታል?» የሚሉ አራት ጥያቄዎች ይጠይቃል። አንዱን እንኳ «አዎ» ካላችሁ ቫይረስ የተገኘ ያህል ውጤት ያወጣና ጥገና ይሸጥላችኋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሳቸውና በ2019 እ.ኤ.አ. ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን፣ ሶፍትዌሩን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2024 ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የሚባሉት «ኮምፒውተር ጠጋኞች» በተመሳሳይ ማስፈራራት 26 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። በተለይ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው እናትና አባት ካሏችሁ ስክሪን ላይ በወጣ ስልክ ቁጥር እንዳይደውሉ ንገሯቸው። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያ መልእክት ላይ ስልክ ቁጥር አይጽፍም።

አንቲቫይረስስ? የዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ የሆነው ዲፌንደር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ነጻ ነው፣ ለቤት ተጠቃሚ ይበቃል። ክራክ የሆነ አንቲቫይረስ ከምንም ይብሳል። ነጻ የሚባለውም ሁሉ በነጻ አይደለም። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ በሥሩ በነበረ ኩባንያ በኩል ሲሸጥ ተገኝቶ በ2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወስኖበታል።

አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ «አዲስ ክሮም እንጫንልህ» ሲሏችሁ አትመኑ። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ ክሮም በ109ኛው ቅጂ ቆሟል፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አይገባበትም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ማሽናችሁ የሚችል ከሆነ ወደ 11 የሚወስደው አፕዴት በነጻ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ይመጣል። የማይችል ማሽን ላይ «በዘዴ እናስገባዋለን» የሚሉ አሉ፤ ለዚያ አትክፈሉ።

ፓኬጁን ቀድማችሁ ያስጫናችሁ ደግሞ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሆናችሁ ፓስወርድ አትቀይሩ፤ በስልክ ቀይሩ፣ ከኢሜይላችሁ ጀምሩ። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ከስልካችሁ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጡ። የባንክ አፕ ፓስወርድ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋችሁ የምታውቁ ከሆነ እሱንም ቀይሩ። ክራክ የገባበትን ኮምፒውተር ፕሮግራሙን በማጥፋት ብቻ ማመን ይከብዳል፤ ፋይሎቻችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ፎርማት ማድረግ ይሻላል። ሱቁ ግን ፎርማት የሚያደርገው ያንኑ ክራክ በያዘው በራሱ ፍላሽ ነው። የዊንዶውስ መጫኛውን ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ 8 ጊጋባይት ያለው ይበቃል። «በዚህ ብቻ ጫንልኝ፣ ሌላ ምንም አትጨምር» በሉት። ሲጨርስ እዚያው ቆማችሁ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱና ሪል ታይም የሚለው ጥበቃ መብራቱን እዩ። ጠፍቶ ካገኛችሁት እስኪያበራው ድረስ ብር አትስጡት።