በአባሪው ውስጥ የተደበቀው መንግሥት፦ ከሐዋሳ ስለገዛሁት ያገለገለ መጽሐፍ

ሐዋሳ ፒያሳ፣ የእግረኛ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ መጻሕፍት ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ፣ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «የንጉሡ መመለስ» የእንግሊዝኛ ቅጂ በ400 ብር ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ይህ መጽሐፍ «የቀለበቶች ጌታ» የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ ምናባዊ ታሪክ መደምደሚያ በመሆኑ፣ የቀደሙትን ሁለቱን ያላነበበ ሰው ቢገዛው ትርፉ ግራ መጋባት ነው። እኔ ሁለቱንም ከዓመታት በፊት ተውሼ አንብቤያቸው ስለነበር የፈለግሁት ዋናውን ታሪክ ሳይሆን ከእሱ በኋላ በደቃቅ ፊደል የታተሙትን አባሪዎች፣ በተለይም የክፉው መንግሥት የአንግማር አነሣስና አወዳደቅ የተተረከባቸውን ጥቂት ገጾች ነበር። የምገመግመውም እነሱን ነው።

እነዚህ ገጾች የተጻፉት እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ዜና መዋዕል ነው። እገሌ ነገሠ፣ በዚህ ዓመት ተዋጋ፣ በዚህኛው ሞተ እያለ የሚሄድ፣ ስሜቱን የማያሳይ ጸሐፌ ትእዛዝ የጻፈው ይመስላል። ነገሩ የሚጀምረው ከክፉው ወገን አይደለም። በሰሜን ያለው የሰዎች መንግሥት የአርኖር ንጉሥ በመጽሐፉ የራሱ አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን በ861 ሲሞት ልጆቹ ስላልተስማሙ አገሩ አርቴዳይን፣ ካርዶላንና ሩዳውር ተብሎ ለሦስት ተከፈለ። ሩዳውርና ካርዶላን ሩቅ የሚያሳይ ድንጋይ ያለበትን የአሞን ሱል ግንብ እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ እያሉ ሲሻኩቱ፣ በ1300 ገደማ በሰሜን ካሉት ተራሮች ግራና ቀኝ አንግማር ብቅ አለ። ገዥው ጠንቋዩ ንጉሥ የቀለበት ባሮች የሆኑት የዘጠኙ ናዝጉሎች አለቃ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ወደ ሰሜን የመጣበትን ምክንያት ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ በደቡብ ያለው ሌላው የሰዎች መንግሥት ጎንዶር ብርቱ ነበር፣ አርኖር ግን ተከፋፍሏል። ከእኔ በፊት የነበረው የመጽሐፉ ባለቤት ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ዘመነ መሳፍንት» ብሎ ጽፏል። የእኛዎቹ መሳፍንት ጎንደር ባለ አንድ ንጉሥ ስም ይዋጉ ስለነበር ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ቢሆንም ለምን እንደጻፈው ይገባኛል።

በ1409 የአንግማር ጦር ካርዶላን ገብቶ አሞን ሱልን ከበበ፤ የአርቴዳይን ንጉሥ አርቬሌግ ተገደለ፣ ግንቡም ተቃጥሎ ፈረሰ፣ ድንጋዩን ግን ሸሽተው ወደ አርቴዳይን ከተማ ወደ ፎርኖስት አደረሱት። በ1636 ወረርሽኝ የካርዶላንን ሕዝብ አብዛኛውን ሲጨርስ፣ ከአንግማርና ከሩዳውር የመጡ ክፉ መናፍስት ባዶ በቀሩት የመቃብር ጉብታዎች ገቡባቸው። የመጀመሪያውን ቅጽ ያነበበ ሰው ቁመተ አጭሮቹ ሆቢቶች የተያዙበትን ጉብታና ከእነሱ አንዱ የሆነው ፍሮዶ የተወጋበትን ኮረብታ፣ ያንኑ አሞን ሱልን፣ አይዘነጋም። ቀድሞ የማስፈራሪያ መቼት ብቻ መስለውኝ የነበሩት እነዚያ ቦታዎች የአንድ አገር ፍርስራሽ መሆናቸውን ያወቅሁት ከዚህ አባሪ ነው፤ ለመጽሐፉ የከፈልሁትን ብር ያወጣልኝም ይኸው ነው።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ የአርቴዳይን የመጨረሻው ንጉሥ የአርቬዱይ ነገር ነው። ፎርኖስት በ1974 ስትወድቅ አርቬዱይ ከጥቂት ጠባቂዎቹ ጋር ወደ ሰሜን ሸሸ፤ የድንኮች ባረጀ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ተደበቀ፤ በመጨረሻም ረኃብ አስገድዶት የበረዶ ሰዎች የሆኑትን ሎሶቶችን እርዳታ ጠየቀ። የማይሞቱት ሕዝቦች የኤልፎቹ መርከብ ሊወስደው ሲመጣ የሎሶቶቹ አለቃ እንዳይሳፈር ይመክረዋል። አለቃው መርከብ አይቶ ስለማያውቅ መርከቡን የባሕር አውሬ ይለዋል፤ የጠንቋዩ ንጉሥ ኃይል በበጋ ስለሚደክም እስከዚያ ከእኛ ጋር ቆይ ይለዋል። ንጉሡ ምክሩን አልሰማም፤ ስለ ውለታው ቀለበቱን ሰጥቶት ተሳፈረ። ማዕበል መርከቡን ወደ በረዶው መልሶ አደቀቀው። ከአሞን ሱል ቃጠሎ ተርፎ የነበረው ድንጋይም ከሌላ አንድ ድንጋይና ከንጉሡ ጋር ሰጠመ። አንድ ገጽ እንኳ በማይሞላ ጽሑፍ ይህን ያህል ማዘን እችላለሁ ብዬ አልገመትሁም።

ውድቀቱ ግን ጥድፊያ የበዛበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አርቴዳይንን ለመርዳት የተላከው የጎንዶር ንጉሥ ልጅ ኤያርኑር በ1975 ከመርከቦቹ ሲወርድ አርቴዳይን ጠፍታለች። ጠንቋዩ ንጉሥ በፎርኖስት ምሽግ ውስጥ ከመጠበቅ ይልቅ በትዕቢት ወደ ሜዳው ወጣ፤ ፈረሰኛው ጦር በሰሜን ዞሮ መታው፤ ወደ ዋና ከተማው ወደ ካርን ዱም ሊሸሽ ሲሞክር ደረሱበት፤ ግሎርፊንደል የተባለው ኤልፍ ሲገሠግሥበት ደግሞ በጨለማ ተሰወረ። ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መንግሥት ያለቀው በአንዲት ቀን ውጊያ ነው። ጸሐፊው በግልጽ ባይለውም አንግማር የፈረሰው የተቋቋመበትን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ሊያጠፋው የመጣውን የአርኖርን ዙፋን አጥፍቷል፣ የንጉሡም ልጅ ከዚያ ወዲያ የተጠራው ንጉሥ ተብሎ ሳይሆን አለቃ ተብሎ ነው። ክፉው ሲወድቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል የሚለውን ልማድ ይህን ያህል የሚጥስ ተረት አላነበብሁም።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ፊደሉ ከመድቀቁ የተነሣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ማንበብ የቻልሁት ፀሐይ እስካለች ብቻ ነበር። ስሞቹም ይደራረባሉ፤ አርጌሌብ፣ አርቬሌግ፣ አርቬዱይ የሚለውን ለመለየት በወረቀት የትውልድ ሐረግ መሥራት ግድ ሆኖብኛል። ትልቁ ጉድለት ግን ሻጩ «አንድም ገጽ አልጎደለውም» ቢለኝም ካርታው ያለበት ቅጠል ከሥሩ ተቀዶ መገኘቱ ነው፤ ያለ ካርታ ደግሞ ይህን አባሪ መከተል ጭንቅ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ባሳየው ብሩን አልመለሰልኝም፤ ይልቅ ከክምሩ ሥር ካርታው ያልተነካ የመጀመሪያውን ቅጽ አውጥቶ በስልኬ ፎቶ እንዳነሣ ፈቀደልኝ። አንግማር ከላይ ናት፤ ካርን ዱምም በተራሮቹ ጫፍ ላይ በትንሽ ጽሕፈት ተጽፋለች።